መቶ ሰዓት ለቀጭኑ፣ መቶ ሰዓት ለወፍራሙ

ጥቅምት 3

አባዬ፣ እንደምን አለህ?

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰን። እማዬ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ሁለተኛውን ቆማ ነው የሰማችው። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ስትቆጣ ግን ይተዋታል።

ለምን ስልክ እንደማንደውል ልክ እንዳልከኝ ነገርኳት። ለሕክምና ያረፍክበት የአክስቴ ቤት መስመር እየተቆራረጠ አስቸግሯል አልኳት። ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። እኔ ግን በደብዳቤ መሆኑ ደስ ብሎኛል። ስልክ ላይ ሰው እየጠበቀኝ መሆኑን ሳስበው የያዝኩት ቃል ሁሉ ይጠፋኛል።

ስለ ሰዓቱ ጠይቀኸኛል። ለሙከራ ከሱቅ ካመጣሃቸው ሁለት የድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየሮች ቀጭኑ እስከ ዛሬ ሰባ አንድ ሰዓት ሠርቷል። ቀጭኑና ወፍራሙ ብላ ስም ያወጣችላቸው እማዬ ናት፤ ወፍራሙ ገና ካርቶኑ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ከስፌት ቤት እንደተመለስኩ እከፍተዋለሁ፣ እራት ሲቀርብ አጠፋዋለሁ። የከፈትኩበትንና ያጠፋሁበትን ደቂቃ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። አዲስ መሣሪያ መቶ ሰዓት ሳይሠራ አይፈረድበትም ያልከውን ለእማዬ ብነግራት «ሸክላ ድስት ነው እንዴ የሚሟሸው?» አለች። «እኔ አዲስ ድስት ሳሟሽ ጎረቤት አስነስቼ አላውቅም።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ለምን ከመጀመሪያው የተሟሸውን አልገዛም?» አለች። መልሱን አባዬን እጠይቃለሁ አልኳት። ካለህ ጻፍልኝ።

የመሣሪያዎቹ ነጋዴ ሰኞ እማዬን መንገድ ላይ አግኝቷት «ከሁለቱ አንዱ እስከ ኅዳር አምስት ይመለስልኝ፤ ከዚያ ካለፈ ሁለቱንም እንደወሰዳችሁ እቆጥራለሁ» ብሏታል። እየሳቀ ነው ያላት፤ ግን ብሏል።

አባዬ፣ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው ድምፅ ስታስተካክል ኖረህ፣ ጡረታ ወጥተህ ለራስህ ሳሎን አንድ መሣሪያ ልትመርጥ ስትል ጆሮህ መታመሙ ያናድደኛል። «እኔ እስክድን አንቺ ስሚልኝ» ማለትህ ደግሞ ያስፈራኛል። እኔ ስምንተኛን ያልጨረስኩ፣ ጠዋት ጠዋት ከተሰፋ ሸሚዝ ላይ ትርፍ ክር ስቆርጥ የማረፍድ ልጅ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አይሻልም ነበር?

«ቆንጆ ነው አትበይኝ፣ ማን የት እንደቆመ ንገሪኝ» ስላልክ ግን እሞክራለሁ። ለመሞከሪያ ከመረጥክልኝ አልበም ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ዓይኔን ስጨፍን፣ ዘፋኟ ሴትዮ በመስኮቱና በቁም ሳጥኑ መሃል ቆማለች። ቁመቷ ከኔ ትንሽ ይበልጣል። ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። ቤዝ ጊታሩን የሚጫወተው ሰውዬ ከኋላዋ በስተግራ ነው፣ የተቀመጠ ይመስለኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሿ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሽ ነበር፤ አሁን ለስልሷል። የተሟሸው መሣሪያው ይሁን የኔ ጆሮ አላውቅም።

ሐኪሙ ምን አለህ? ባለፈው ስለ አየሩ ብቻ ነው የጻፍከው።

ልጅህ


ጥቅምት 9

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ከሐኪም ቤት ስመለስ አልጋዬ ላይ አገኘሁት። በቅድሚያ ለእናትሽ መልሱን ውሰጂላት። የተሟሸ የሚሸጥ የለም፣ ማንም ሰው የራሱን መቶ ሰዓት ለሌላ ሰው አይሰጥም በያት። አታምንሽም፤ ቢሆንም በያት።

«ቁመቷ ከኔ ይበልጣል» ያልሽው ጋ ስደርስ ሳቅኩ። አክስትሽ ምን እንዳሳቀኝ ወረቀት ላይ ጽፋ ጠየቀችኝ። እንዳትደነግጪ፤ ሐኪሙ ሁለቱንም ጆሮዬን መድኃኒት አድርጎ በጥጥ ደፍኗቸዋል፣ እስኪወጣ በጽሑፍ ነው የምንነጋገረው። ወሬ እንደምትወድ ታውቂያለሽ፤ አንድ ደብተር ጨርሳ ሁለተኛውን ጀምራለች። ምግቡ ጥሩ ነው። ክፍሌ መስኮት አለው።

ክር ቆራጭ ነኝ ያልሽውን ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ። ከኔ ጋር አሥር ዓመት ሠርተው «ቆንጆ ነው» ከማለት ሌላ ቃል ያልነበራቸው ሰዎች አውቃለሁ። አንቺ ሴትዮዋን አይተሻታል።

አሁን ወፍራሙን አውጪው። ሶኬቱን ሳትነቅዪ ምንም እንዳትነኪ። ስፒከሮቹ ካሉበት አይነቃነቁ። በሽቦዎቹ አትጨነቂ፤ ሁሉንም ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። የድምፁን መጠን ከቀጭኑ ጋር እኩል አድርጊ፤ ከሁለት አንዱ ጮክ ካለ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ በዚህ ስንት አዋቂ ተታሏል። ከዚያ መቶ ሰዓቱን ስጪው። እሱም እንደ ቀጭኑ መብት አለው።

አባትሽ


ጥቅምት 28

አባዬ፣

ባለፈው ደብዳቤ ስለ እንቅልፌ ያነበብከው አያስጨንቅህ፤ እማዬ ናት አጋንና ያጻፈችኝ። ደህና እተኛለሁ።

ወፍራሙ መቶ ሰዓቱን ዛሬ ጨረሰ። ብቻዬን ነው የገጠምኩት። እማዬ ሶኬቱ መነቀሉን መጥታ እየነካካች አረጋገጠች። ከመግጠሜ በፊት አቧራውን ሁሉ ወለወልኩ፣ ሽቦዎቹንም አጸዳዳሁ። ድምፁንም እንዳልከው አስተካከልኩ።

የምጽፍልህ ነገር ደስ አይልም። ሴትዮዋ የለችም። ድምጿ ይሰማል፣ ቃሏም ይለያል፣ እሷ ግን የትም አልቆመችም። አንዳንዴ ድምጿ ከግድግዳው ሁሉ ይመጣል፣ አንዳንዴ ከራሴ ጭንቅላት ውስጥ። የጊታሩ ሰውዬ ጣቶቹ ይሰማሉ፣ ጊታሩ ግን ሆድ የለውም። ስሙ ወፍራሙ ሆኖ። ይሟሻል ብዬ ጠበቅኩ። በሃያ ሰዓት ያው ነበር፣ በስድሳም ያው። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር የምከፍተው፣ ዛሬ መጥታ ይሆናል እያልኩ።

እማዬ ግን ወዳዋለች። «ይሄኛው ጨዋ ነው፣ ብርጭቆ አያንቀጠቅጥም» ትላለች። ከታች ያሉት ጡረተኛ ጎረቤታችንም ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ለካ ስትፈልጊ ትችያለሽ» አሉኝ።

ካርቶኑን ከሱቁ ተሸክመህ ስትገባ ፊትህን አይቼው ነበር። ወፍራሙ እንዲያሸንፍ ነው የፈለግኸው፣ አይደል? እኔም ፈልጌ ነበር። ያልሰማሁትን ሰማሁ ልልህ ግን አልችልም። ቀኑ እየደረሰ ስለሆነ ምን ላድርግ?

ልጅህ


ኅዳር 2

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ወፍራሙን መልሺው። አንቺ የለችም ካልሽ የለችም ማለት ነው። ሐኪሙ ትናንት ጥጡን አወጣልኝ። አየሩ ቀዝቅዟል። ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታ፣ ጠረጴዛው ይወዛወዛል። እናትሽን ሳሚልኝ።

አባትሽ


ኅዳር 6

አባዬ፣

ወፍራሙ ትናንት ተመልሷል። ነጋዴው ራሱ በመኪናው መጥቶ ወሰደው። እማዬ በሩን ያዘችለት፣ እኔ ጓዳ ነበርኩ። ቀጭኑን መልሼ ገጥሜዋለሁ። ደህና ነው።

ጥጡ ሲወጣ መጀመሪያ የሰማኸው ምን ነበር? አልጻፍክልንም። እማዬ ጠይቂልኝ ብላለች፣ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሥራ ስለበዛብኝ ነው ያሳጠርኩት። ቀጭኑ ደህና ነው።

ልጅህ


ኅዳር 15

አባዬ፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ይሄንን ቁጭ ብለህ አንብበው።

«ሴትዮዋ አሁን የት ናት?» ብለህ ከዚያ ወዲህ በላክሃቸው ፖስት ካርድና ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጠየቅከኝ። አንዱንም ሳልመልስልህ ቀረሁ፣ ምክንያቱም ከመለስኩልህ ሌላውን ሁሉ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ወፍራሙ በሄደ ቀን ቀጭኑን ገጥሜ ሦስተኛውን ዘፈን ከፈትኩ። ሴትዮዋ ከቀጭኑም ጠፍታለች። መቶ ሰዓት ሙሉ በመስኮቱና በቁም ሳጥኑ መሃል ቆማ ያየኋት ሴት። ያው ከግድግዳ የሚመጣ ድምፅ፣ ያው ሆድ የሌለው ጊታር። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ጥፋቱ የወፍራሙ ቢሆን ኖሮ አብሮት ይሄድ ነበር። እሱ ሄዶ ጥፋቱ እኛ ቤት ቀርቷል። የቀረው ደግሞ ሽቦው ነው።

ቀዩ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን የሽቦ ጫፍ በቀይ ክር ጠምጥመህ ምልክት አድርገህበት ነበር። በቀኙ ስፒከር ሽቦ ላይ ክሩ አሁንም አለ። በግራው ላይ የለም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ሳጸዳ ጫፉ ተንጠልጥሎ ነበር፤ መቀሱን መቼ እንዳነሳሁ እንኳን አላስታውስም። እጄ ጠዋት ሙሉ የሚሠራውን ነው የሠራው፣ የተንጠለጠለ ክር አየና ቆረጠ። ከዚያ የትኛው ጫፍ የት እንደሚገባ ስላላወቅኩ በግምት ሰካሁት። በሁለቱም ጊዜ ተሳስቼ ነው የሰካሁት።

ገልብጬ ስሰካው ሴትዮዋ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ቆመች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቆይቼ ሳላያት አጠፋሁት።

ሁለት ጊዜ ሱቁ ድረስ ሄጃለሁ። ወፍራሙ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱንም ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አይቼው ተመለስኩ። ለአንተም አሥር ቀን ደበቅኩህ። አባዬ፣ ወፍራሙን አልሰማሁትም። መቶ ሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ አንድም ቀን አልሰማሁትም፣ አንተ ደግሞ በኔ ቃል አስመለስከው።

ብትቆጣኝ ይሻለኛል። ስለ አየሩ እንዳትጽፍልኝ።

ልጅህ


ኅዳር 20

ልጄ፣

ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

ጥፋቱን እንካፈለው። «ድምጿ ከግድግዳው ሁሉ ይመጣል» የሚል ነገር የሰማ የአዳራሽ ሰው፣ ጀማሪም ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚለው «ሽቦሽን እዪ» ነው። እኔ ራሴ ለስንቱ ብያለሁ። ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ ግን ጥጡ በወጣ ማግስት ነው። ዓይኔ ፊደሉን አነበበ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። መልሺው ብዬ የጻፍኩት አንድ ነገር እንዲያልቅልኝ ፈልጌ ነው።

ምን ሰማህ ብላችሁኛል። ሐኪሙ ከኋላዬ ቆሞ በአንዱ በኩል አጨበጨበ፣ ሰማሁት። በሌላው በኩል ማጨብጨቡን ያወቅኩት አክስትሽ ፊቷን ስታዞር አይቼ ነው። አንዱ ጆሮ ሄዷል ልጄ፣ አይመለስም። ሌላው ይቆያል ብሎኛል። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። የስልኩ መስመርም ተቆራርጦ አያውቅም። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ጀምሮ ስልክ ላይ የሰው ቃል አይለይልኝም ነበር።

ስለዚህ በመሣሪያዎቹ ራስሽን አታድክሚ። በአንድ ጆሮ ለሚሰማ ሰው ሴትዮዋ የትም አትቆምም። ሽቦው ቢገለበጥም ባይገለበጥም ለኔ ያው ነው። ያለውን ይዘን እንኖራለን።

ታኅሣሥ 8 እመጣለሁ። ለእናትሽ ራሴ እነግራታለሁ፣ እስከዚያ ምንም እንዳትያት። ባለፉት ዓመታት ሰምቼ እንዳልሰማሁ የሆንኩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አሁን አልሰማም ብላት ታምነኝ እንደሆነ እንጃ።

አባትሽ


ኅዳር 29

አባዬ፣

ያለውን ይዘን እንኖራለን ብለህ ነበር። አልታዘዝኩህም።

ሰኞ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ፤ ቤት ብገባ ተመልሼ እንደማልወጣ አውቃለሁ። የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌው ስለነበር ለነጋዴው ዘረጋሁለት። መነጽሩን አወለቀና «የኔ እመቤት፣ እኔ ማንበብ የምችለው ዋጋ ብቻ ነው፤ በአፍሽ ንገሪኝ» አለኝ። ነገርኩት። ክሩንም፣ ሽቦውንም፣ ሁሉንም።

«አባትሽ አሁንም መሣሪያ ያሟሻል?» አለ።

«ያሟሻል።»

«መቶ ሰዓት?»

«አዎ፣ መቶ ሰዓት።»

«አዳራሹ አዲስ ስፒከር ሲገዛ ለባዶ ወንበር ሲያዘፍን ይሰነብት ነበር። ዘበኛው በሱ ምክንያት ሥራ ሊለቅ ምንም አልቀረው።» ብቻውን ትንሽ ሳቀ። «ለመሆኑ ለምን ራሱ አልደወለልኝም? ተኳርፈናል እንዴ?»

«ስልክ አይሰማም» አልኩት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

ነጋዴው ጨርቅ አንስቶ ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረ፤ ጠረጴዛው ንጹሕ ነበር። «እስከ ሐሙስ ውሰጂው» አለ በመጨረሻ። «ያልፈለግሽውን መልሺልኝ። የቱንም ብትመልሺ አልጠይቅሽም።» በመኪናው ቤት ድረስ አመጣልኝ። መንገዱን ሁሉ ወፍራሙን ጭኔ ላይ አቅፌው ነበር።

ከስፌት ቤት ለኮት ትከሻ የምናስገባውን ስፖንጅ ቁራጭ ይዤ መጥቼ ነበር። አንድ ጆሮዬን በሱ ደፍኜ በላዩ ላይ ሻርፕ አሰርኩና ሁለቱንም ሰማኋቸው። እውነትህን ነው፣ ሴትዮዋ ከቀጭኑም ከወፍራሙም የትም አልቆመችም። እንግዲህ በምን ልለያቸው ብዬ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሃል እማዬ ከወጥ ቤት አንድ ነገር አለችኝ። ቀጭኑ ነበር የተከፈተው። ምን አልሽ ብላት ደገመችው፤ አሁንም አልለየሁትም። ለሦስተኛ ጊዜ ልትለው መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ምንድን ነው ይሄ የታሰረው?»

«ምንም።»

ሻርፑን ፈታችው። ስፖንጁን በሁለት ጣቷ አወጣችና ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«የትኛው ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የአባትሽ። የትኛው ጆሮ ነው የሄደው?»

አላውቅም አልኳት። አባዬ፣ እኔ ምንም አልነገርኳትም፣ ራሷ ናት። «ሰውዬው ገና ሳይሄድ ከኋላው ስጠራው ዝም ይለኝ ነበር» አለች። «ተቀይሞኝ መስሎኝ እኔም አኮረፍኩት። ሁለት ወር ሙሉ በሌለ ነገር ተኮራርፈን ከረምን። አንቺ ደግሞ መስመሩ ተቆራረጠ ትይኛለሽ። ለኔ።» እጇ ላይ ያለውን ስፖንጅ ጨመቅ ለቀቅ አደረገችው። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አላለቀሰችም። መልሳ ሰጠችኝና «በይ ድፈኚው፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ አወራለሁ፣ አንቺ ስሚ» አለች።

እንደዚያ ነው የመረጥነው። እሷ ስታወራ እኔ ስቀያይር ዋልን፤ አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን እየደፈንኩ። ቀጭኑ ሲሆን የሴትዮዋ ትንፋሽና የእማዬ ቃል ይደባለቁብኛል፣ ከሁለቱም የሚተርፈኝ ፉጨት ብቻ ነው። ወፍራሙ ግን ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ ከሥር ይዞት ይሄዳል፣ ከላይ ለሰው ቦታ ይተዋል። ድምፁን ሳልቀንስ እማዬ ስለ ጉልበቷ የተናገረችውን ሰማሁ። ስለ ጎረቤታችን የተናገረችውንም ሰማሁ፣ አልጽፍልህም። ቀጥላ፣ አትሰማኝም ብላ ነው መሰለኝ፣ ቀስ ብላ «ሲመጣ የመጀመሪያውን ቀን አልቆጣውም» አለች። እሱንም ሰማሁ።

ቀጭኑን ዛሬ መለስኩት። ለሴትዮዋ ቢሆን እሱ ይሻል ነበር። እኔ ግን ወፍራሙን ያስቀረሁት ለእማዬ ነው። ከተሳሳትኩ በዚህኛው የተሳሳትኩት ሰምቼ ነው።

ወንበርህን ከስፒከሮቹ ፊት አስቀምጠናል። የእማዬን ወንበር ግን ሁለት ጊዜ አዟዟርነው፣ አሁንም መሃል ወለል ላይ እንደቆመ ነው። ከመምጣትህ በፊት አንድ ቃል ብቻ ጽፈህ ላክልን፤ በቀኝህ ትቀመጥ ወይስ በግራህ?

ልጅህ